ክራር፣ ጊታርና ኪቦርድ በአንድ ቅኝት፦ ማን ማንን ይከተላል?

ክራሩ በስልክ መቃኛ ክር በክር ተቃኝቷል፤ በስድስቱም ክሮች ላይ መርፌው መሃል ገብቷል። 1ኛውና 3ኛው ክር አብረው ሲመቱ ግን የሚቆረቁር ነገር አለ፤ ትዝታው እንደሚጠበቀው አያርፍም። ክሩም ቆዳውም ጥፋት የለባቸውም። መርፌው መሃል የሚገባው ድምፁ ከኪቦርድ ጋር ሲገጥም ነው፤ ኪቦርድ ደግሞ 12ቱን ድምፆች እርስ በርስ ለማስማማት ሲባል እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እንዲዛነፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ክራር 5 ድምፅ ብቻ ይዞ ያን ሁሉ መዛነፍ የሚሸከምበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው። መጀመሪያ ክራሩን ከራሱ ጋር ማስማማት፤ ቀጥሎ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ማሲንቆ ወይም ዋሽንት ሲጨመር ማን ለማን እንደሚለቅ መወሰን።

ስለ አጠራር

እዚህ የድምፆቹን ስም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ እንላለን። መቃኛው ላይ ግን የሚወጣው ፊደል ነው፤ ዶ በ«ሲ»፣ ሬ በ«ዲ»፣ ሚ በ«ኢ»፣ ፋ በ«ኤፍ»፣ ሶል በ«ጂ»፣ ላ በ«ኤ»፣ ሲ ደግሞ በ«ቢ» ይጻፋል። የዶ-ሬ-ሚው ሲ እና የፊደሉ ሲ እንዳይምታቱ። ብዙ መቃኛዎች ፍላትን (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለውን) በሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ባለው) ስለሚያሳዩ ሬ ፍላት ስንል «ዶ ሻርፕ»፣ ሚ ፍላት ስንል «ሬ ሻርፕ» ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ድምፁ አንድ ነው።

የክር ቁጥር አሰጣጥ ከደርዳሪ ደርዳሪ ስለሚለያይ እዚህ በድምፅ ከፍታ ብቻ እንቆጥራለን፦ 1ኛ ዝቅተኛው፣ 6ኛ ከፍተኛው፤ 6ኛው የ1ኛው ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ሲደገም፣ ነው። መነሻውን በምሳሌ ዶ አድርገናል። ለዘፋኙ ድምፅ ሬ ወይም ላ የሚመች ከሆነ ሁሉንም በዚያው ልክ ማዘዋወር ነው፤ በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም።

መለኪያችን ሴንት ነው። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት፣ አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት። አብዛኞቹ የስልክ መቃኛዎች ከመርፌው ሥር ቁጥሩን ያሳያሉ፤ የማያሳይ ከሆነ የሚያሳይ ሌላ መጫን ይሻላል።

መርፌው የት ላይ ይዋሻል

ሁለት ክሮች ፍጹም ሊስማሙ ትንሽ ሲቀራቸው ድምፃቸው «ዋ… ዋ… ዋ» እያለ ይርገበገባል። እየተቀራረቡ ሲሄዱ ርግብግቡ ይዘገያል፤ ሲገጥሙ ይቆማል፤ ሲያልፍ እንደገና ይጀምራል። ጆሮ የሚቃኘው በዚህ ነው።

ንጹሕ፣ ማለትም ያለ ርግብግብ የሚገጥም፣ አምስተኛ ርቀት፣ ለምሳሌ ከዶ እስከ ሶል (ዶን 1 ብሎ ሲቆጠር ሶል 5ኛ ነው)፣ 702 ሴንት ነው። ኪቦርድ 700 ይሰጠዋል። ልዩነቱ 2 ሴንት ብቻ ስለሆነ በኪቦርዱ መካከለኛ ዶ ላይ ርግብግቡ በሴኮንድ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ማንንም አያስቸግርም። ሦስተኛው ርቀት ግን ሌላ ነው። ከዶ እስከ ሚ ንጹሑ 386 ሴንት ሲሆን ኪቦርዱ 400 ይሰጣል። እዚያው መካከለኛ ዶ ላይ በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የሚቆረቁረው ነገር ይህ ነው።

ኪቦርድ እንዲህ የሆነው ወዶ አይደለም። 12 ንጹሕ አምስተኛዎችን እየደረደሩ ቢወጡ፣ ከተነሱበት ድምፅ 7ኛ ኦክታቭ ላይ ሲደርሱ በ23 ሴንት ተኩል ያህል ያልፋል። ያ ትርፍ በ12ቱ ላይ እኩል ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 2 ሴንት ይደርሳል፤ ዛሬ የምንሰማው እኩል ክፍፍል ይህ ነው። የክራር አምስት ድምፆች ግን የሚገናኙት በ4 አምስተኛዎች ስለሆነ ትርፉ ጋር አይደርሱም።

ትዝታ ሜጀርን በጆሮ

ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ላይኛው ዶ ናቸው። ከመቃኛ የሚወሰደው 1ኛው ክር ብቻ ነው፤ ሌላው ከክር ወደ ክር ይሄዳል።

1. 1ኛውን ክር ዶ ላይ አድርግ። ለመቃኛ ሲመታ ቀስ ብሎ፣ ከክሩ መሃል አካባቢ ይሁን፤ በኃይል የተመታ ክር መጀመሪያ ላይ ከራሱ ድምፅ በላይ ከረር ይላል።
2. 6ኛውን ከ1ኛው ጋር አብረህ እየመታህ ርግብግቡ እስኪቆም አጥብቅ።
3. 4ኛውን (ሶል) ከ1ኛው ጋር በአምስተኛ ርቀት አግጥም። 4ኛውና 6ኛው ሲመቱም መርጋት አለባቸው፤ ካልረጉ ከ6ኛው ጀምሮ እንደገና ነው።
4. 2ኛውን (ሬ) ከ4ኛው ክር በአራተኛ ርቀት (ከዶ እስከ ፋ ባለው ልክ) ዝቅ አድርገህ አግጥም።
5. 5ኛውን (ላ) ከ2ኛው በአምስተኛ ርቀት ከፍ አድርገህ።
6. 3ኛውን (ሚ) ከ5ኛው በአራተኛ ርቀት ዝቅ አድርገህ።

ርግብግቡ ካልተሰማ ክሩን ወደ ብርኩማው፣ ማለትም ክሮቹ ወደሚያርፉበት እንጨት፣ ጠጋ ብሎ መምታት ይረዳል፤ ርግብግብ የሚፈጥሩት ላይኛዎቹ ድምፆች እዚያ ጎልተው ይወጣሉ። ሌሎቹን ክሮች በግራ እጅ ጣቶች ማፈን አይረሳ፤ ያልታፈነ ክር በራሱ እየጮኸ ያሳስታል።

ሲጨርሱ በመቃኛው ቢታይ ሬ +4፣ ሚ +8፣ ሶል +2፣ ላ +6 ሴንት ይሆናል። መርፌው ከመሃል ወጥቷል ብለው አይመልሱት፤ የሚፈለገው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ግን መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በዚህ መንገድ የተገኘው ሚ ከዶ 408 ሴንት ይርቃል። ከንጹሕ ሦስተኛ ጋር ሲተያይ 22 ሴንት ያህል ይበልጣል፤ ከኪቦርዱም የባሰ ነው። ዶ እና ሚ አብረው ሲመቱ በመካከለኛው ዶ ከፍታ በሴኮንድ 16 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። ታዲያ ሚን ወደ 386 ማውረድ አይሻልም? ሚን ብቻ ካወረዱ ሚ–ላ ይበላሻል። ላንም አብረው ወደ 884 ካወረዱ ሚ–ላ ይስተካከልና ሬ–ላ 680 ሴንት ሆኖ ይቀራል፤ 22 ሴንት የጎደለው አምስተኛ ጆሮ ላይ እንደ ስህተት ነው የሚሰማው። ክሮቹን አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ እያደረጉ ሬ–ላን መስማት ነገሩን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያስረዳል።

የምንመክረው በአጨዋወቱ መወሰንን ነው። ዜማው በድርድር፣ ክር በክር እየተለቀመ ከሆነ በአምስተኛ የተቃኘው ይሻላል፤ ድምፆቹ ተከታትለው ስለሚመጡ ሰፊው ሚ ብሩህ ሆኖ ይሰማል እንጂ አይጋጭም። በግርፍ ሆኖ ዶ፣ ሚ፣ ሶል አብረው ተከፍተው የሚቆዩ ከሆነ ሚን ከ408 ወደ 394 አካባቢ፣ ማለትም መቃኛው ላይ ወደ −6፣ ላን ደግሞ ወደ −2 ማምጣት ጥሩ መካከለኛ ነው። ሚ–ላ እንዳለ ትንሽ ይሰፋል፣ ሬ–ላ ትንሽ ይጠብባል፤ ሁለቱም የሚቻሉ ናቸው።

ሌሎቹ ቅኝቶች

ትዝታ ማይነር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ዶ፣ ሶል እና ሬ ልክ እንደ ሜጀሩ ይቃኛሉ። ሚ ፍላት ከሶል በንጹሕ ሜጀር ሦስተኛ ዝቅ ይላል፤ ሁለቱ አብረው ሲመቱ ርግብግቡ ፈጽሞ መቆም አለበት። ላ ፍላት ከሚ ፍላት በአራተኛ ከፍ ይላል። ማረጋገጫው ላ ፍላትን ከ6ኛው ዶ ጋር መምታት ነው፤ እነሱም ንጹሕ ሦስተኛ ናቸው። ቁጥሩ ሬ +4፣ ሚ ፍላት +16፣ ሶል +2፣ ላ ፍላት +14። ከሜጀሩ በተለየ እዚህ ምንም የሚጋጭ ነገር የለም፤ ስለዚህ በአምስተኛና በንጹሕ ሦስተኛ ያለ ምንም ማቻቻል መቃኘት ይቻላል።

ባቲ ላይ መጀመሪያ መግባባት ያስፈልጋል። ሁለት ሙዚቀኞች ባቲ ሲሉ ሁልጊዜ አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ ባቲ ማይነር ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት። ክር ከመነካቱ በፊት «ከዶ ሲቆጠር 3ኛውና 7ኛው ድምፅ የቱ ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ድካም ያድናል። በሜጀሩ ፋ እና ሶል ከዶ ይወሰዳሉ፣ ሚ ከዶ በንጹሕ ሦስተኛ፣ ሲ ከሚ በአምስተኛ፤ ሶል–ሲ ረግቶ ከተገኘ ሁሉም ልክ ነው (ሚ −14፣ ፋ −2፣ ሶል +2፣ ሲ −12)። በማይነሩ ሲ ፍላት ከፋ በአራተኛ ከፍ፣ ሚ ፍላት ከሲ ፍላት በአምስተኛ ዝቅ (ሚ ፍላት −6፣ ሲ ፍላት −4)።

አምባሰል፣ እንደ ባቲ ሁሉ በወሎ የቦታ ስም የሆነው፣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ፋ እና ሶል ከዶ፤ ላ ፍላት ከላይኛው ዶ በንጹሕ ሦስተኛ ዝቅ፤ ሬ ፍላት ከላ ፍላት በአምስተኛ ዝቅ። ሬ ፍላትና ፋ ንጹሕ ሦስተኛ ሆነው ይረጋሉ። የአምባሰል ሬ ፍላት በዚህ መንገድ +12 ላይ ይወድቃል። በመቃኛ የተቃኘው ወደ ዶ ይጠጋና ጠባብ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ «አምባሰሉ ይጨናነቃል» የሚባለው ከዚህ ነው።

አንቺ ሆዬ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። በሌሎቹ ሁሉ 4ኛው ክር ሶል ሆኖ ምሰሶ ነበር፤ እዚህ ከመነሻው በላይ ንጹሕ አምስተኛ የለም፣ ጆሮ ግን ከልምድ ይፈልገዋል። ጀማሪ 4ኛውን ክር ሳያስበው ወደ ሶል ያከርረዋል፤ ያን ጊዜ የቅኝቱ ጠባይ ይጠፋል። መድኃኒቱ 4ኛውን ከ1ኛው ጋር ፈጽሞ አለማነጻጸር ነው። በዚህ ቅኝት ምሰሶው ፋ ነው፦ ፋ ከዶ በአራተኛ፤ ሬ ፍላት ከፋ በንጹሕ ሦስተኛ ዝቅ፤ ላ ከፋ በንጹሕ ሦስተኛ ከፍ፤ መጨረሻ ሶል ፍላት ከሬ ፍላት በአራተኛ ከፍ። ቁጥሩ ሬ ፍላት +12፣ ፋ −2፣ ሶል ፍላት +10፣ ላ −16።

እነዚህ ቁጥሮች ክሮቹ ያለ ርግብግብ ሲገጥሙ የሚወጡ ናቸው። ዘፋኙ አንዱን ድምፅ ከዚህ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ የሚያዜም ከሆነ ክሩ ወደ ዘፋኙ ይሄዳል፤ ቁጥሩ መነሻ ነው።

በትንሽ ክር መሻገር

መድረክ ላይ ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲሻገሩ ስድስቱንም ክሮች መንካት አያስፈልግም። ከትዝታ ሜጀር ወደ ማይነር 3ኛውና 5ኛው በግማሽ ድምፅ ይላላሉ። ከትዝታ ማይነር ወደ አምባሰል 2ኛው በግማሽ ይላላል፣ 3ኛው በሙሉ ድምፅ ይጠብቃል። ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ 4ኛው በግማሽ ይላላል፣ 5ኛው በግማሽ ይከርራል። ስለዚህ ዘፈኖቹን በዚህ ቅደም ተከተል ማዘጋጀት ከተቻለ እያንዳንዱ ሽግግር ሁለት ክር ብቻ ይነካል። ከትዝታ ሜጀር ወደ ባቲ ማይነር 2ኛ፣ 3ኛና 5ኛ በግማሽ ይከርራሉ፤ ወደ ባቲ ሜጀር 3ኛው በግማሽ፣ 2ኛውና 5ኛው በሙሉ ድምፅ።

ምንም ክር ሳይነካ መሻገርም አለ። በዶ የተቃኘ ትዝታ ማይነር ሶልን ማረፊያ አድርጎ ቢጫወቱት አምባሰል ነው፤ ሴንቶቹ እንኳ ሳይዛነፉ ይገጥማሉ። በዶ የተቃኘ ትዝታ ሜጀርም ላ ላይ ሲያርፍ ባቲ ማይነር ይሆናል። ችግሩ የክራሩ ስፋት ነው፤ ማረፊያው 4ኛ ክር ላይ ሲወድቅ ከበላዩ ሁለት ክር ብቻ ይቀራል፣ ዜማው ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ተጣጥፎ ወደ ታች መመለስ ግድ ይለዋል። ለአጭር አጀብ ይሆናል፤ ለሙሉ ዘፈን መቃኘቱ ይሻላል።

ቅኝቱ ለምን አይቆይም

አንድን ክር በሙሉ ድምፅ ለማክረር ውጥረቱን በ26 በመቶ ያህል መጨመር ያስፈልጋል፤ በግማሽ ድምፅ በ12 በመቶ። ያ ጭነት ቀንበሩን ይጎትታል፣ ብርኩማውንም ወደ ቆዳው ይጫናል፤ በዚህም የቀሩት ክሮች ይላላሉ። ስለዚህ አንድ ዙር በቂ አይደለም። መጀመሪያ በግምት ሁሉንም ማድረስ፣ ቀጥሎ ከ1ኛው ጀምሮ በጥንቃቄ፣ ሦስተኛ ዙር ማረጋገጫ። በመጀመሪያው ዙር አንዱን ክር ፍጹም ለማድረግ መድከም ከንቱ ነው፤ ሌሎቹ ሲጠብቁ ይሄዳል።

ክር ሲላላም ከሚፈለገው በታች አውርዶ እያጠበቁ መመለስ ነው። ከላይ ወደ ታች እየመጣ የቆመ ክር መጠምዘዣው ላይ ወይም ብርኩማው ላይ ተይዞ ይቆይና በዘፈኑ መሃል ይንሸራተታል። አዲስ ናይለን ክር ለጥቂት ቀናት ይሳባል፤ ለዝግጅት ከሆነ ቀደም ብሎ መለወጥ ነው። ቆዳው እርጥበት ሲያገኝ ይረግባል፣ ብርኩማው ይሰምጣል፣ ሁሉም ክሮች አብረው ይወርዳሉ። ሁሉም እኩል ከወረዱ ቅኝቱ አልተበላሸም፤ መነሻው ብቻ ነው የተለወጠው። ብቻውን የሚጫወት ሰው መንካት ላያስፈልገው ይችላል። ቆዳውን ለማድረቅ እሳት ወይም ፀሐይ ላይ ማድረግ ግን ይሰነጥቀዋል።

ጊታር

የጊታር ፍሬቶች፣ ማለትም አንገቱ ላይ ያሉት ዘንጎች፣ በእኩል ክፍፍል የተሠሩ ናቸው፤ የሚለወጠው የክፍት ክሮቹ (በጣት ሳይያዙ የሚመቱት) ድምፅ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ለቅኝት ብዙ ይጠቅማል፤ ክፍት ክሮቹ ሁሉ በቅኝቱ ውስጥ ያሉ ድምፆች ከሆኑ ጊታሩ እንደ ክራር ሳይታፈን መጮህ ይችላል። መነሻውን ሬ አድርገን፣ ከ6ኛው ወፍራም ክር ወደ 1ኛው ቀጭን፦

ለባቲ ሜጀር፣ ለባቲ ማይነርና ለአምባሰል፦ ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ፣ ሬ። ከተለመደው ቅኝት 6ኛው፣ 2ኛውና 1ኛው በሙሉ ድምፅ ይላላሉ። በሦስቱም ቅኝቶች ውስጥ የማይገባ አንድም ክፍት ክር የለም፤ ለአንድ ጊታር ብቻ ይመረጥ ቢባል ይህ ነው።

ለትዝታ ሜጀር፦ ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ሬ። ከላይኛው ላይ 3ኛው ክር ብቻ በግማሽ ይላላል፤ ሶል በሬ ትዝታ ውስጥ ስለሌለ መቅረት አለበት። ለትዝታ ማይነር 3ኛው ሌላ ግማሽ ወርዶ ፋ ይሆናል።

ለአንቺ ሆዬ፦ ሬ፣ ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ። 6ኛው፣ 5ኛውና 1ኛው በሙሉ ድምፅ ይላላሉ። በጊታሪስቶች ዘንድ እንደ ሶል ሜጀር አኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) የሚታወቅ ቅኝት ነው፤ ማረፊያው ሬ ሲሆን ግን ሦስቱም ድምፆች የአንቺ ሆዬ ናቸው፣ የቀሩት ሚ ፍላትና ላ ፍላት በፍሬት ይያዛሉ።

ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ 6ኛው ክር ከሚ ወደ ሬ ሲወርድ ከውጥረቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ፍሬት ላይ ይንጣጣል፣ በኃይል ሲመታም ይከርራል። ቀጭኑ ክር 0.010 ኢንች ውፍረት ያለው የክር ስብስብ ከሆነ ወደ 0.011 ማሳደግ ይረዳል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ትዝታ ሜጀር ላይ ፋ ሻርፑን «ንጹሕ እንዲሆን» ብሎ 14 ሴንት ማውረድ። ክፍቱ ያምራል፤ በዚያ ክር ላይ የሚያዘው እያንዳንዱ ፍሬት ግን 14 ሴንት ዝቅ ይላል። ክሩ በክፍትነቱ ብቻ የሚመታ ካልሆነ በቀር ከ4 ወይም ከ5 ሴንት በላይ አታውርድ።

የዘፋኙ መነሻ ሚ ፍላት ወይም ሚ ከሆነ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ የሚጫን ማሰሪያ) 1ኛ ወይም 2ኛ ፍሬት ላይ ይደረጋል። ካፖ ክሮቹን ትንሽ ስለሚያከርር ከታሰረ በኋላ እንደገና መቃኘት ነው።

ኪቦርድ

በብዙ ኪቦርዶች ውስጥ «ስኬል ቲዩን» ወይም «ማይክሮ ቲዩኒንግ» የሚባል ገጽ አለ፤ 12ቱን ድምፆች ለየብቻ በሴንት ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ከላይ የሰጠናቸው ቁጥሮች በቀጥታ እዚያ ይገባሉ። ለምሳሌ ለአምባሰል በዶ፦ ሬ ፍላት +12፣ ፋ −2፣ ሶል +2፣ ላ ፍላት +14፣ የቀሩት 0። መነሻው ሌላ ከሆነ ቁጥሮቹ ከመነሻው ጋር ይጓዛሉ፤ በሬ አምባሰል ሚ ፍላት ነው +12 የሚሆነው።

ትራንስፖዝ ማድረግ፣ ማለትም የኪቦርዱን ድምፅ በሙሉ ወደ ሌላ መነሻ ማዘዋወር፣ እዚህ ወጥመድ ነው። በአንዳንድ ኪቦርዶች ማዛነፊያው ከቁልፉ ጋር ይጣበቃል፣ በሌሎቹ ከሚወጣው ድምፅ ጋር። ትራንስፖዝ ከተደረገ በኋላ አንዱን የተዛነፈ ቁልፍ በመቃኛ መፈተሽ ግድ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ 0 መመለስም አይረሳ፤ ቀጣዩ ዘፈን በሌላ መነሻ ከሆነ ሁሉም ይፈርሳል። ከቅኝቱ ውጭ በሆኑ ድምፆች አኮርድ የሚያጅብ ከሆነ ጨርሶ ባያዛንፍ ይሻላል፤ የተዛነፈው ካልተዛነፈው ጋር ይጋጫል።

ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና

ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ስላለው ቅኝቱ በጣት ውስጥ ነው። ክሩ ከላይ እስከ ብርኩማው 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የኪቦርዱ ግማሽ ድምፅ ከላይ 2.2 ሳንቲ ሜትር ላይ ይወድቃል፤ የአምባሰል ንጹሕ ሬ ፍላት 2.5 ላይ። ልዩነቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከጣት ጫፍ ስፋት በጣም ያነሰ። ለዚህ ነው ማሲንቆ ከክራርም ከኪቦርድም ጋር ያለ ችግር የሚሄደው፤ ተጫዋቹ የሚሰማውን ይከተላል። መነሻውን ብቻ ማስተካከል፣ የፈረስ ጭራው እርጥበት ሲነካው ስለሚረግብም በዘፈኖች መካከል መፈተሽ ይበቃል።

ዋሽንት በተቃራኒው ቀዳዳው የተበሳበት ቦታ ወሳኝ ነው፤ ተጫዋቾች ለየመነሻውና ለየቅኝቱ የተለያየ ዋሽንት የሚይዙት ለዚህ ነው። በአነፋፈስ ጥቂት ማዛነፍ ይቻላል፣ ሙቀትም ይለውጠዋል፦ አየሩ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ድምፁ 3 ሴንት ያህል ይከርራል። ከመቃኘት በፊት ለጥቂት ደቂቃ ተነፍቶ ይሙቅ።

በገና 10 አውታር ቢኖረውም በጣት ሲደረደር ግማሽ ያህሉ ናቸው የሚመቱት፤ የቀሩት የጣት ማረፊያ ናቸው። መቃኛ በበገና ላይ የሚደናገረው በእንዚራው ምክንያት ነው፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል ያለው ቁራጭ ቆዳ የሚሰጠው ንዝረት ላይኛዎቹን ድምፆች ያጎላል፣ መርፌውም እየዘለለ ሌላ ድምፅ ያነብባል። እንዚራውን ከአውታሩ ሥር ገለል አድርጎ መቃኘት፣ ከዚያ ንዝረቱ እስኪመጣ መመለስ፣ መጨረሻ ላይ በጆሮ እንደገና መፈተሽ። የስልክ ማይክ የበገናን ዝቅተኛ አውታሮች ብዙ ጊዜ አይይዝም፤ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ካለ ድምፅ ጋር በጆሮ ማግጠም ይቀላል።

አብረው ሲቀመጡ

ሕጉ አጭር ነው፦ መንቀሳቀስ የማይችለው ይመራል፣ የሚችለው ይከተላል። ዋሽንት ካለ በመጀመሪያ የሚሰማው ዋሽንቱ ነው። ላው 448 ኸርዝ (በሴኮንድ 448 ንዝረት) ላይ ከወጣ ከተለመደው 440 በ31 ሴንት ከርሯል ማለት ነው፤ ኪቦርዱ በ«ማስተር ቲዩን» ወደ 448 ይወጣል፣ ጊታሩና ቤዙ መቃኛቸውን 448 ላይ አድርገው ይቃኛሉ፣ ክራር ይከተላል፣ ማሲንቆ መጨረሻ። ብዙ ኪቦርዶች ከ415 እስከ 466 አካባቢ ስለሚደርሱ ይበቃል።

ዋሽንት ከሌለና ኪቦርድ፣ ጊታርና ቤዝ ካሉ ክራር ለእኩል ክፍፍሉ ቢለቅ ይሻላል፤ ሦስት መሣሪያ 400 ላይ ቆሞ ክራር ብቻውን 386 ላይ ቢቆም ትክክለኛው ክራር ቢሆንም የተበላሸ የሚመስለው እሱ ነው። ክራር፣ ማሲንቆና ድምፅ ብቻ ከሆኑ ግን መቃኛውን ዘግቶ በንጹሑ መሄድ ነው።

ክራርና አንድ ኪቦርድ ብቻ ሲሆኑ ኪቦርዱ በስኬል ቲዩን ወደ ክራሩ ይምጣ። ያን ጊዜ 1ኛውን ክርና የኪቦርዱን ዶ አብሮ መምታት፣ ከዚያ 4ኛውን ከሶሉ ጋር፣ ከዚያ 3ኛውን። አንደኛው ረግቶ 3ኛው የሚርገበገብ ከሆነ ስኬል ቲዩኑ አልገባም ወይም በሌላ መነሻ ገብቷል፤ ሦስቱም እኩል የሚርገበገቡ ከሆነ ክራሩ እንዳለ ወርዷልና 1ኛውን ክር ከኪቦርዱ ወስዶ ዙሩን እንደገና መጀመር ነው።